ስለ ፈዬራ ዓይን

አዳማ
ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ውድ ባለቤቴ ፈዬራ፣

ጤናህ እንዴት ነው? የጅቡቲ ሙቀትስ? እኔና ጂጂ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንደምትል አውቃለሁ። ስለ ዓይንህ ባነሳሁ ቁጥር ኔትወርክ ይጠፋብሃል። ስለ ጂጂ ትምህርት ሳወራ ግን ከጎረቤት የደወልክ ይመስል ድምፅህ ጥርት ብሎ ይሰማል። ወረቀት አይቋረጥም፤ ስለዚህ ተቀመጥና ስማኝ።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርህ። ውሃ መምጣት ጀምሯል፤ ሮቶው ሞልቷል። ጂጂ በሒሳብ ከክፍሏ ሁለተኛ ወጥታ፣ አንደኛ የወጣችውን ልጅ “ኮርጃ ነው” እያለች ስሟን ታጠፋለች። በማን እንደወጣች አንተው ታውቃለህ። እናትህ ሃርሜ ከባቱ ቆሮሶ ዓሣ ልከውልን ነበር። “ልጄ መቼ ነው የሚመጣው?” ብለው ሲጠይቁኝ “ጭነት ተራ ይዞ ነው” አልኳቸው። ስለ ዓይንህ አልነገርኳቸውም።

አሁን ወደ ጉዳዩ። አንተ በሄድክ ማግስት የደምህ ውጤት መጣ። ዶክተር ሃፍሳ ያዘዘችልህ ምርመራ የዚያን ቀን ስኳር ብቻ ሳይሆን ያለፉትን ሦስት ወራት የሚያሳይ ነው። በዓይን ክሊኒክ ነርስነቴ ብዙ ውጤት አይቻለሁ፤ ያንተን ሳይ ግን ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። የእናንተ የሾፌሮች ዘዴም ያኔ ገባኝ። ለቀጠሮህ ሁለት ቀን ሲቀረው ለስላሳውን ትተዋለህ፣ እራት ትዘላለህ፣ ጠዋት ስትለካ ስኳርህ ልክ ይሆናል። ወረቀቱንም እንደ ተማሪ ሰርተፍኬት ይዘህልኝ ትመጣለህ። መንገድ ስትገባ ደግሞ ጫቱም ለስላሳውም እንደነበረው ይቀጥላል። ማሽኑ ተታሎልሃል፤ ዓይንህ ግን አልተታለለም።

“ስኳርና ዓይን ምን አገናኛቸው?” ብለኸኝ ነበር። ዶክተር ሃፍሳን ጠየቅኳት፤ እንደገባኝ ልንገርህ። የደም ሥር ውስጡ በአንድ ረድፍ ሕዋሳት የተለበጠ ነው። ከሥራቸው ስስ የፕሮቲን ንጣፍ አለ፤ እያንዳንዱ ሕዋስ ያንን ንጣፍ የሚይዝባቸው እጅ መሰል ነገሮች አሉት። እጆቹ የሕዋሱን ሽፋን አልፈው ይወጣሉ፤ በውጭ በኩል ንጣፉን ይጨብጣሉ፣ በውስጥ በኩል ከሕዋሱ ገመዶች ጋር ይታሰራሉ። አንተ ሸራ ስታስር የገመዱን አንድ ጫፍ ከሸራው ቀለበት፣ ሌላውን ከመኪናው መንጠቆ እንደምታደርገው ማለት ነው። ደሙ ቀን ከሌት እየገፋቸው ሲያልፍ የማይነቀሉት በዚህ ነው። እጆቹ ሌላም ሥራ አላቸው፤ መያዛቸውን ለሕዋሱ ይነግሩታል። ያንን መልእክት ያጣ ሕዋስ ይሞታል። ዶክተሯ እንደ ተራ ነገር ነው የነገረችኝ፤ ከእኔ አእምሮ ግን ቤት እስክደርስ አልወጣም።

ስኳር ለዓመታት ሲበዛ ንጣፉ ላይ ይጣበቃል። ንጣፉ ይወፍራል፣ ይደርቃል፤ እጆቹም እንደ ድሮው አይጨብጡትም። አንዳንዱ ሕዋስ ይለቃል፣ ክፍተት ይፈጠራል፣ ሥሩ ማፍሰስ ይጀምራል። ከዓይን ጀርባ ያሉት ሥሮች ከፀጉር የቀጠኑ ስለሆኑ አይችሉትም። ክሊኒኩ ባነሳው የዓይንህ ፎቶ ላይ ያየነው ቀይና ቢጫ ነጠብጣብ ይኸው የፈሰሰው ነው። አንተ “የካሜራው ቆሻሻ ነው” ብለህ ያለፍከው።

የመስቀል ሰሞን ወደ ባቱ ስንሄድ የሆነውንም ላንሳብህ። መቂ ላይ መንገድ ሲያቋርጥ የነበረውን ጋሪ ያየኸው እኔ ስጮህ ነው። “እነዚህ ባለጋሪዎች እኮ ያለ ፍሬቻ ነው የሚታጠፉት” አልክ። ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ነበር፤ ፀሐይዋ አናታችን ላይ። ባለጋሪው ሽማግሌ የፈረሳቸውን አንገት ዳበሱ። ጂጂ ከኋላችን ተቀምጣ ነበር።

ያን ቀን የያዝከው የወንድሜን ትንሽ መኪና ነው። አሁን የምትጎትተው ተሳቢ ነው። እፈራለሁ፣ ፈዬራ። ለዓይንህም እፈራለሁ፣ መንገድ ዳር ለሚቆመው ለሰው ልጅም እፈራለሁ።

ሕክምና አለው። ዓይን ውስጥ የሚሰጥ መርፌ ነው፤ ስሙ ነው የሚያስፈራው፣ አደንዝዘው ነው የሚወጉት። የጠፋውን ሁሉ ላይመልስ ይችላል፣ ማፍሰሱን ግን ይቀንሰዋል። ለኅዳር የመጀመሪያው ማክሰኞ ቀጠሮ አስይዤልሃለሁ። መኪናውን እዚያው አቁመህ ተሳፋሪ ሆነህ ና። ለመኪናው ባለቤት ለአቶ ዘካርያስ ምንም አልተነፈስኩም። ይህን ያህል ዘመን የነዳህለት ሰው ነውና ካንተ አፍ ቢሰማው ይሻላል። ሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ ኮንቴይነሮቹን የሚከታተልለት ሰው ይፈልጋል። “ቢሮ ቁጭ ብዬ ዝንብ ላባርር?” እንደምትል አውቃለሁ። ዝንቧን ማየት ከቻልክ እሱም አንድ ነገር ነው።

ናፍቀኸኛል። ቁጣህ ሳይቀር ናፍቆኛል። መቂ ላይ ያተረፈን አምላክ እስክትመጣልን ድረስ ከፊትህም ከኋላህም ይሁን።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ ጉተማ ነው፤ የአቶ ዘካርያስን ሌላኛውን መኪና ይዞ ዛሬ ይነሳል። ያንተና የእኔ ጉዳይ ስለሆነ አሽጌ ሰጥቼዋለሁ። እስካሁን ራስህ ካነበብከው እዚህ ላይ አቁምና ያልኩህን አስብበት። የቀረው ላንተ አይደለም።

ጉተማ ወንድሜ፣ ይህን የምታነብለት አንተ ከሆንክ እኔ የምጨምረው የለም፤ ራሱ ማንበብ ሲችል ለምን እንዳንተ እጅ እንደሰጠው አንተም ገብቶሃል። መጀመሪያ ይቆጣል፤ አትመልስለት። ለአቶ ዘካርያስ እኔ እደውላለሁ። አንተ ቁልፉን ተቀበለው።

እንቁ