ከገመዱ ኋላ ያለው ወንበር

ሰኞ፣ የካቲት 3

ጉልበቴ ዛሬም አኩርፏል። ካልሲ ለማጥለቅ ብቻ ሩብ ሰዓት... ቢሆንም ክራቫቴን አስሬ ወጣሁ። ሠላሳ አራት ዓመት በምድር ጣቢያ ሳተላይት ሲጠብቅ የኖረ ሰው ጡረታ ወጥቶም ይፈለጋል ማለት ነው። አንገቴ ላይ ያንጠለጠሉልኝ ባጅ “አማካሪ” ይላል። ማንን እንደማማክር አልተጻፈም።

ጉባኤው ሕዋ ላይ በጥንቃቄና በኃላፊነት ስለመሥራት ነው። የመንግሥታት መልእክተኞች ክብ ጠረጴዛ ከበዋል፤ የየአገሩ ስም ፊታቸው፣ ማይክሮፎኑ አፋቸው ሥር። ከኋላ ገመድ ተወጥሯል። ከገመዱ ወዲያ የግል ኩባንያ ሰዎች ተደርድረዋል። ጠረጴዛ የላቸው፣ ማይክሮፎን የላቸው። “ታዛቢ” ይባላሉ።

የልጅ ልጄም እዚያው ናት። አሥራ አንድ ሠራተኛ ባለው ኩባንያ ውስጥ መሐንዲስ ነች። የወንዝ ሙላት ቀድማ የምታሳይ፣ ሻንጣ የምታህል ሳተላይት አለቻቸው። እኛ ቤት “ትንሿ” ነው የምንላት። እጄን አውለበለብኩላት። በአስተናጋጇ እጅ ወረቀት ላከችብኝ፦ “አባባ፣ እጅህን አውርድ። ሰው እያየን ነው።”

እንደገና አውለበለብኩ።

ጠዋቱን ሙሉ ክርክሩ ኩባንያዎቹ ይናገሩ አይናገሩ የሚል ነበር። ሾፌሮቹን ደጅ አቁሞ ስለ መንገድ ደንብ መምከር!

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

አሁንም ስለ ወንበር። ውሃ ወቀጣ።

የቡድናችን መሪ ጎልማሳ ዲፕሎማት ነው። ያለ አንቀጽ አይተነፍስም። በሆዴ “አቶ አንቀጽ” ብዬዋለሁ። ምሳ ላይ፣ እነዚያን ሰዎች ብናስገባቸው ምን እንሆናለን አልኩት። “ኩባንያ ሲያጠፋ የሚጠየቀው መንግሥት ነው፣ ጋሼ። ስለዚህ የሚናገረው መንግሥት ነው” አለኝ። እውነቱን ነው... ግን የሚጠየቅ ሰው፣ ከመጠየቁ በፊት ቢሰማ አይሻለውም?

ሾርባውን ነፋ።

ረቡዕ፣ የካቲት 5

ቁርስ ላይ የእሜቴ ስልክ ጮኸ። (የልጅ ልጄን ሳበሽቃት “እሜቴ” ነው የምላት።) አንብባ ዳቦዋን አስቀመጠች። ትንሿ ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ከሌላ ሳተላይት ጋር ልትጋጭ ትችላለች። ያኛው የውጭ ኩባንያ ነው፤ የኛን አምስት እጥፍ ይሆናል። ቢጋጩ የሁለቱ ስብርባሪ ለሌላውም ይተርፋል።

ታዲያ የዚያ ኩባንያ ተወካይ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ረጅሙ። ከገመዱ ኋላ ከእሷ ሁለት ወንበር ርቆ የሚቀመጠው፣ ጉልበቱን የሚያደርግበት ያጣ ሰውዬ።

“ንገሪው እንግዲህ” አልኳት።

“አልችልም። ፈቃዳችን ከውጭ ኩባንያ ጋር የምትነጋገሩት በሚኒስቴር በኩል ብቻ ነው ይላል። ብሳሳት ኩባንያው ይዘጋል።”

የማስጠንቀቂያ ቅጽ ሞልታ ለአቶ አንቀጽ ሰጠች። ከኛ ሚኒስቴር ወደዚያኛው ሚኒስቴር፣ ከዚያ ወደ ኩባንያው። ሰውዬው እኮ እዚያ ብስኩት እየበላ ነው አልኩት። “ብስኩቱን ይጨርስ፤ ደብዳቤው ይደርሰዋል” አለ። ቀልድ ያውቃል ለካ።

ሐሙስ፣ የካቲት 6

ደብዳቤው አልተፈረመም። የሚፈርመው ሰው ሌላ ስብሰባ ላይ ነው... ምን ላይ እንደሆነ ሲነግሩኝ ሳቄ መጣ። ሥራን ስለማቀላጠፍ።

አቶ አንቀጽን ሦስት ጊዜ ነዘነዝኩት። በሦስተኛው ኮሪደር ላይ ሲያየኝ ወደ መጸዳጃ ቤት ታጠፈ።

ዓርብ፣ የካቲት 7

ዛሬ አጠፋሁ። ደስ አለኝም።

ለሻይ ስንወጣ ወደ ገመዱ ሄጄ ተንገዳገድኩ። “ዞረብኝ” አልኩ። ረጅሙ ቀኝ ክንዴን አፈፍ አደረገ፣ እሜቴ ግራውን። እሷ ወዲያው ገብቷታል፤ ቆነጠጠችኝ።

“አባባ፣ አታፍርም?” አለች በሹክሹክታ።

“ሰባ ስድስት ዓመት አፍሬያለሁ። ይበቃኛል።”

ደግፈው ጥግ ካለው አግዳሚ ወንበር አስቀመጡኝ፣ መሃላቸው። በተሰባበረው የውጭ ቋንቋዬ “ይቺ ልጅ የምትነግርህ አላት” አልኩትና ተነስቼ ውሃ ፍለጋ ሄድኩ። ጉልበቴ እንኳ አልተቃወመኝም። ሰዓቴን አየሁ፦ ሰባት ደቂቃ። በሰባት ደቂቃ ጨረሱ! ትንሿ ከፍ ትላለች፣ የሱ ባለችበት ትቆያለች። ስልክ ተለዋወጡ። ከሰዓት በኋላ እሜቴ ትእዛዙን ወደ ትንሿ ላከች።

ለአቶ አንቀጽ ልንገረው? ፈቃዷስ? ...ዝም ይሻላል። ያ ደብዳቤ እንደሆነ የትም አይደርስ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 8

ደረሰ።

ትናንት ሥራ መውጫ ላይ ተፈርሞ ሄደ። የዚያኛው አገር ሚኒስቴር ለረጅሙ ኩባንያ “ከፍ በሉ” ብሎ አዘዘ። ረጅሙ እዚህ ያለ አንድ ሰው ነው፤ እዚያ ያሉት ደግሞ የመንግሥት ትእዛዝ ይዘዋል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ከፍ አሉ። እኛም ከፍ ብለናል። ጠባብ ኮሪደር ላይ ሁለት ሰዎች ሲገናኙ፣ ይሄ ለዚያ ሲለቅ ያም ለዚህ ሲለቅ፣ እንደገና ፊት ለፊት...

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ረጅሙ ራሱ ደወለ። ቁጥሯ ባይኖረው ኖሮስ? እሜቴ ከጓደኞቿ ጋር በስልክ ስታሰላ እኔ ኩሽና ውስጥ ቆሜ ነበር፤ የምሠራው የለኝም፣ የምቀልደውም የለኝ። አራት ሰዓት ላይ ትንሿን መልሰው አወረዷት። እኩለ ቀን ላይ አለፉ። መሃላቸው ሦስት መቶ ሜትር።

ዳነች። ግን ነዳጇ... አራት ዓመት ትኖራለች ይባል የነበረው አሁን ሁለት ቢሆን ነው። የሁለት ክረምት ወንዝ ሳይጠበቅ ይቀራል። እሜቴ አላለቀሰችም። የታጠበውን ዕቃ እንደገና አጠበች።

እሑድ፣ የካቲት 9

ለአቶ አንቀጽ ነግሬው ቢሆን ደብዳቤውን ያስቆመው ነበር። እነሱ ሰው እንዳይነጋገር ከለከሉ እያልኩ ስሳደብ ከረምኩ። የደበቅኩት እኔ።

ሰኞ፣ የካቲት 10

ከስብሰባው በፊት ሁሉንም ነገርኩት። መንገዳገዴንም ሳይቀር። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ልጅቷን ግን አትንካብኝ አልኩት።

መነጽሩን አወለቀ።

“ዓርብ ሚኒስቴር ድረስ ሄጄ፣ ፈራሚውን በር ላይ ጠብቄ ነው ያስፈረምኩት” አለ። “ጋሼ ስለነዘነዙኝ።”

እንደዚያ አንጀቴን የበላኝ ዲፕሎማት አላየሁም።

ይህን ጉባኤው መስማት አለበት አልኩት። በባለቤቱ አፍ ነው እንጂ በኔና ባንተ አይደለም፤ ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም። የአንቀጽ ቁጥር ይጠራል ብዬ ጠበቅኩ። ሦስት ባጅ ብቻ ነው ያለን፣ ተጨማሪ አይሰጥም አለ። መተካት ግን ይቻላል። አንድ ሰው ቢወጣ።

“ማን ይወጣል?” አለ፣ እያየኝ።

ባጁን ከአንገቴ ሳወጣ ጆሮዬ ላይ ተጠልፎ አስቸገረኝ። አቶ አንቀጽ ረዳኝ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 11

ከገመዱ ኋላ ያለው ወንበር ያቆረቁራል። ረጅሙ ጎን ተቀምጬ ጉልበታችንን ተዛዘልን።

እሜቴ በኔ ቦታ፣ በአገር ስም ፊት። ማይክሮፎኑን ወደ አፏ ሳበችው። አራት ደቂቃ አልሞላም የተናገረችው። ማንንም አልከሰሰችም። ማን ምን እንዳወቀ፣ በስንት ሰዓት እንዳወቀ፣ ለማን እንዳልነገረ ብቻ ዘረዘረች። “የስልክ ቁጥር ይኑረን፤ የተስማማነውን መንግሥቶቻችን ይወቁት” አለች።

ወዲያው ጸደቀ ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። አልጸደቀም። አንዱ ለከርሞ ይደር አለ፣ ሌላው ደገፈው። ስምንት ቀን ቁጭ ብለን ለከርሞ! ልጮህ እጄን ሳነሳ አስተናጋጇ ጎንበስ ብላ “አባባ፣ ታዛቢ አይናገርም” አለችኝ።

ግን የረጅሙ አገር መልእክተኛ ዞር ብላ በዓይኗ ስትፈልገው አየሁ። በእጇ ጠራችው። ገመዱን ከፈቱ፣ ታጣፊ ወንበር አመጡ፤ ከኋላዋ ተቀመጠና ጆሮዋ ላይ ያወራላት ጀመር። ከዚያ አቶ አንቀጽ፣ ረጅሙና እሜቴ፣ የሐሳቧን ረቂቅ ለከርሞ ለማዘጋጀት አንድ ወረቀት ላይ አጎነበሱ።

ቆይቶ አስተናጋጇ ወረቀት አመጣችልኝ። የእሜቴ ጽሕፈት ነው። “እጅህን አውርድ” ይሆናል ብዬ ገለጥኩት።

“አባባ፣ ሁለት ኩባንያዎች በተስማሙ በስንት ሰዓት ውስጥ ለመንግሥት ይንገሩ እንበል? መልስህን እየጠበቅን ነው።”

እስክሪብቶ ከጎረቤቴ ተበደርኩ። አንድ ቃል ጻፍኩ።

“ያኔውኑ።”