ሶዳ ጓዳ ሲገባ

ጥቅምት 5 ቀን 2017

ይህን ደብተር የጀመርኩት ሲስተር አሰፋሽ ስላዘዘችኝ ነው። የክሊኒኩ ነርስ ናት። «የበላኸውን ሁሉ ጻፍ፣ ቁራሽም ብትሆን» አለችኝ። ስኳር እንዳለብኝ ከታወቀ ሦስት ወሩ።

ጠዋት፦ ቅንጬ፣ ያለ ቅቤ።

ምሳ፦ ግማሽ እንጀራ በጎመን። የቢሮ ጓደኛዬ ጉተማ ጥብስ ልጋብዝህ ብሎኝ ነበር። አልፈልግም አልኩት። «ከሳህ እኮ፣ ጎበዝ!» አለኝ። ደስ አለኝ። አርባ ሦስት ዓመት የሞላው ሰው ከሳህ ስለተባለ ይፈነድቃል?

እራት፦ ሰላጣ። ሮዛ ሰሃኔን አይታ «ይሄ ብቻ?» አለች። በቃኝ አልኳት። ባለቤቴ እንዲህ አድርጋ ስታየኝ ጀግና የሆንኩ ይመስለኛል።

ሌሊት፦ ምንም።

ጥቅምት 6

ትናንት ዋሸሁ። ማንም ለማያነበው ደብተር! «ሌሊት፦ ምንም» ብዬ የጻፍኩት ገና ሳልተኛ ነው። እንደምነሳ እያወቅሁ።

ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ተነሳሁ። ልጃችን ሃዊ ያስተረፈችውን ፓስታ በላሁ፣ ቀዝቃዛውን፣ በእጄ። ሁለት ዳቦ። ከዚያ ጭኮው… እማማ፣ የሮዛ እናት፣ ገብሱን ቆልተው አስፈጭተው በቅመም ቅቤ አሽተው ትልቅ ጣሳ ሞልተው ያስቀመጡት። ለአራስ ጥየቃ ነው። የሮዛ ወንድም ለሜሳ ሚስት አዲስ አበባ ለገና አካባቢ ልትወልድ ነው። እኔ ደግሞ የአራስ ጭኮ በጨለማ ቆሜ በጣቴ። ያውም ረቡዕ ገብቶ፣ ቅቤ!

ስጨርስ ላዩን በማንኪያ ጀርባ ደለደልኩት። የመንገድ ቀያሽ አይደለሁ? ድልደላ አያቅተኝም።

ጥቅምት 10

እማማ ከእኛ ጋር መኖር ከጀመሩ ሦስት ዓመት ሊሞላቸው ነው። ባላቸው ሲሞቱ ከደንዲ አመጣናቸው። ጓዳው የእሳቸው ግዛት ነው። ዘይቱ፣ ሽሮው፣ ማሩ፣ ሁሉም በእሳቸው ቁልፍ ስር። ቁልፉን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ይይዙታል፣ ግን ቆልፈው አያውቁም። አልጋቸውም ከጓዳው ግድግዳ ወዲያ ነው።

ስሜን ጠርተው አያውቁም። «ሶዳ» ነው የሚሉኝ፣ ያውም በአንቱታ። ገና ከደሴ አምቦ መጥቼ ሮዛን ሳገባ፣ ውሃው ሁሉ ጋዝ በሆነበት አገር ለስላሳ ብለው የሰየሙኝ መስሎኝ ነበር። በኦሮምኛ አማች ማለት ነው። አማትና አማች እዚህ ስም አይጠራሩም። እኔ ስበላም አጠገቤ አይቀመጡም። ሰሃኑን ያቀርቡና ዘወር ይላሉ። የሶዳ አፍ አይታይም። የሶዳ ጣትስ?

ጥቅምት 15

ጠዋት ሻይ ያለ ስኳር። ምሳ አልበላሁም። እራት አንድ ካሮት። ኩራት ኩራት አለኝ።

ሌሊት ጭኮ። ብዙ።

ጥቅምት 19

ታወቀ። እኔ አይደለሁም የታወቅሁት። የጣሳው መጉደል።

ከቢሮ ስገባ እማማ ጣሳውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ከግማሽ በታች ሆኗል።

«እማዬ፣ ሞልቼዋለሁ ብለሽ ነበር እኮ» አለች ሮዛ።

«ሞልቼው ነበር።»

«ሃዊ ትሆን?»

ሃዊ በማርያም ማለች። እማማ ልጅቷን አዩ፣ ከዚያ ጣሳውን። እኔን አላዩኝም። «ረስቼ ይሆናል። ሳልሞላው ይሆናል የከደንኩት» አሉ።

ሮዛ ወደ መኝታ ቤት ጎትታኝ ገባች። «ባለፈውም ማሩን ማን ጨረሰው ስላት አላስታውስም አለችኝ። ዘሩባቤል፣ እናቴ እየረሳች ነው።» ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር። እጇን ያዝኩ። ማሩንም የጨረስኩት እኔ ነኝ። እጇን ይዤ አባበልኳት።

ጥቅምት 24

ለሜሳ ዛሬ መጣ። ሮዛ በስልክ ነግራው ነው። ጭንቅላታቸው መታየት አለበት ይላል። ሐኪም አዲስ አበባ አገኘ። ከዚያም እሱ ጋ ይቀመጡ ባይ ነው፣ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ።

እማማ ጥግ ላይ ተቀምጠው ይሰማሉ። ማኅበራቸው፣ ዕድራቸው፣ በየጠዋቱ «አካም ቡልተን» እየተባባሉ አብረዋቸው ቤተክርስቲያን የሚሳለሙት ጎረቤታችን ወይዘሮ ደብሪቱ፣ ሁሉም እዚህ አምቦ ነው ያሉት። አራተኛ ፎቅ ላይ ማንን ነው የሚሳለሙት?

ለሜሳ ወደ እኔ ዞረ። «አንተስ? አብረሃት ነው የምትኖረው። ምን ትላለህ?»

ይኸው ቀኑ፣ ይኸው ሰዓቱ። አፌን ከፈትኩ… «ሐኪም ቢያያቸው አይከፋም» አልኩ።

ፈሪ! ፈሪ ነኝ።

ጥቅምት 25

ትናንት ማታስ? እሳቸውን ሸጬ ባደርኩበት ሌሊት እንኳ ተነሳሁ። ዳቦ፣ ስኳር የተነሰነሰበት። ምን ዓይነት ሆድ ነው ይሄ? ርሃብ አይደለም። እየበላሁም አይጣፍጠኝም። አንድ ሰው ከኋላዬ የሚያባርረኝ ይመስል እየተጣደፍኩ እውጣለሁ። ሲያልቅ ያፍነኛል። ከዚያ ነገ ምንም አልበላም እላለሁ። ነገም ይመጣል።

ጥቅምት 30

ሮዛ ዛሬ የጓዳውን ቁልፍ ከእናቷ ተቀበለች። «እማዬ፣ ለአንቺው ብለን ነው። ቡታጋዙንም ከፍተሽ ትረሻለሽ ብዬ ፈራሁ።» እማማ የነጠላቸውን ጫፍ ፈቱ። ቋጠሮው ጠንክሮ ነበር፣ በጥርሳቸው ነው የፈቱት።

ሮዛ ቁልፉን ለማን ሰጠች?

ለእኔ። «አንተ ያዘው፣ እኔ ጠዋት ስወጣ እቸኩላለሁ።»

ተቀበልኩ።

ኅዳር 2

ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው። ጅብን ሥጋ ጠብቅ ማለት ይሄ ነው። ሌሊት ቆልፌ፣ ሌሊት ከፈትኩ።

ኅዳር 5

ክሊኒክ። ስኳሬ ጨምሯል። ሲስተር አሰፋሽ ይህን ደብተር ጠየቀችኝ። የምግቡን ገጾች ብቻ ገልጬ፣ የሌሊቱን መስመር በአውራ ጣቴ ከልዬ አሳየኋት። ቅንጬ፣ ጎመን፣ ካሮት። መነጽሯን አውልቃ አየችኝ።

«ደብተርህና ደምህ አልተስማሙም» አለች።

አንድ ጓደኛ አለኝ አልኳት። ቀን ይጠነቀቃል፣ ሌሊት ግን ተነስቶ የቤቱን ይጨርሳል።

«ጓደኛህ ቀን ምን ይበላል?»

«በጣም ትንሽ።»

«ሞኝ ነው። ምሳውን ይብላ በለው። እራቱንም ጠግቦ ይብላ፣ ምስሩን፣ ድንቹን። ቀን ያስራበው ሆዱ ነው ሌሊት የሚቀሰቅሰው። እንዲህ ያለ ሰው ብዙ አይቻለሁ፣ የሚያሳፍር አይደለም።» ከዚያ ቀስ ብላ «ለሚስቱ ነግሯታል?» አለች።

አልነገራትም አልኩ።

«ይንገራት። ብቻውን አይችለውም።»

እሷ የማታውቀው የአማቱን ነገር ነው። መብላቴን ብቻ ቢሆን እኮ ዛሬውኑ እናገር ነበር። ነው ወይስ ይሄም ውሸት ነው?

ኅዳር 14

የሐኪሙ ቀጠሮ ተቆረጠ። ኅዳር 23፣ ሰኞ። እማማ የለመኑት አንድ ነገር ብቻ ነው። ከዚያ በፊት ጽዮን ማርያምን አዲስ ዓለም እንዲያነግሡ። ሮዛ ሥራ አለባት። እኔ እወስዳቸዋለሁ አልኩ። አሁንስ ልናገር ነው?

ኅዳር 20

ነገ። ብናገር ሮዛን ላጣት እችላለሁ። ባልናገር እናቷን ታጣለች።

ሌሊቱን አልበላሁም። አልተኛሁምም።

ኅዳር 21

በሌሊት ተነስተን ሚኒባስ ያዝን። ጊንጪን ስናልፍ እማማ በመስኮቱ ወደ ደንዲ በኩል ተመለከቱ። ጤፉ ታጭዷል። «እንግዲህ» አሉ።

ታቦቱ ከገባ በኋላ ከግቢው ውጪ፣ ግንቡ ስር፣ ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ሰው ይተራመሳል።

«እማማ… ጭኮውን የበላሁት እኔ ነኝ። ማሩንም እኔ ነኝ።»

ዞር ብለው አላዩኝም። «ቀስ ይበሉ፣ ሰው ይሰማል» አሉ።

«ያውቁ ነበር?»

«ግድግዳው ስስ ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ጭኮውን ከሞላሁ በሦስተኛው ሌሊት። መጀመሪያ አይጥ መስሎኝ ነበር።»

ሳቅ ሊያመልጠኝ ሲል እንባዬ ቀደመው። «ታዲያ ረሱ ሲባሉ፣ ቁልፉን ሲቀበሉዎት፣ ለሜሳ ሊወስድዎት ሲል… ለምን ዝም አሉ?»

«ምን ልበል? ሶዳዬ ሌሊት ጓዳ ገብቶ በጣቱ ይዝቃል ልበል? ለልጆቼ? ለደብሪቱ?» ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። «አሮጊት ረሳች ቢባል ማን ይገረማል? ሶዳን ግን የጓዳ ሌባ ብለው አይጠሩትም። ሐኪሙም ደህና ናት ብሎ ይመልሰኝ ይሆናል ብዬ ነበር። ባይመልሰኝም… አራተኛ ፎቅ ላይም እግዚአብሔር አለ።»

ለሮዛ እነግራታለሁ አልኳቸው። ደነገጡ። «በጽዮን ማርያም! እንዳይናገሩ! የልጄን ቤት ያፈርሳሉ!»

እሺ አላልኩም። ወደ አምቦ የሚመለስ ሚኒባስ ያዝን። እስካሁን ይሉኝታ ማለት ለኔ ብዬ የማፍረው ይመስለኝ ነበር። አንድ ሰው በእኔ ፈንታ አፍሮ፣ አእምሮውን አሳልፎ እስኪሰጥ ድረስ? ስንቱን ሌሊት ነቅተው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው ሰሙኝ?

ኅዳር 22

ተናገርኩ።

ሮዛ መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀልድ መስሏት። ደገምኩላት። ሳቋ ፊቷ ላይ እንዳለ ቀረ።

«ቁልፉን ስሰጥህ ተቀበልከኝ» አለች።

ይህን ብቻ። ስለ ጭኮው፣ ስለ ስኳሬ፣ ስለ ሌሊቱ አንድ ነገር አልጠየቀችም። ተነስታ እናቷ ክፍል ገባችና በሩን ዘጋች። የሁለቱም ልቅሶ ይሰማኝ ነበር። እውነትም ግድግዳው ስስ ነው።

ለሜሳ ጋ እኔው ደወልኩ። ስጨርስ ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅሁ። «ስጠይቅህ ሐኪም ይያቸው አልከኝ» አለና ዘጋው። ስድብ ይሻለኝ ነበር። ማታ ለሮዛ ደውሎ ቀጠሮው እንደተሰረዘ ነገራት።

ቁልፉን እማማ አልጋ ራስጌ አስቀመጥኩ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። አሳፈርኳቸው። በማርያም ለምነውኝ አሳፈርኳቸው። ሌላ መንገድ ነበረ? ቢኖር እኔ አላየሁትም።

ኅዳር 29

ሮዛ ታናግረኛለች፣ ስለ ሃዊ ትምህርትና ስለ መብራት። የምትተኛው ከእናቷ ጋር ነው። ለሲስተር አሰፋሽ ጓደኛዬ እኔ መሆኔን ነገርኳት። «መቼ ነው የሚነግረኝ እያልኩ ነበር» አለች። ምሳ መብላት ጀምሬያለሁ። የሆነ ስህተት እየሠራሁ ይመስለኛል፣ በቀን ብርሃን ስጠግብ። በሰባት ቀን ሦስት ሌሊት ተነሳሁ። በፊት ሰባቱንም ነበር።

ታኅሣሥ 3

ሮዛ ወደ አልጋችን ተመለሰች። ጀርባዋን ሰጥታኝ ነው፣ ግን ተመለሰች። እማማ እስካሁን አያናግሩኝም። ሰሃኑን አስቀምጠው ይሄዳሉ።

ታኅሣሥ 9

ከትናንት ወዲያ በላሁ። አልደብቅም። አራት ዳቦ። ጠዋት ለሮዛ ነገርኳት። «እሺ» አለች። «ምሳህን ብላ ዛሬ።»

ትናንት ሌሊት እንደገና ነቃሁ። ዘጠኝ ሰዓት። እግሬ ራሱ ወሰደኝ። የጓዳው በር አልተቆለፈም፣ እማማ ቁልፉ ከተመለሰላቸውም ወዲህ አይቆልፉትም። እጄን መዝጊያው ላይ አድርጌ ቆምኩ።

ከግድግዳው ወዲያ ድምፅ መጣ።

«ሶዳ?»

ደርቄ ቀረሁ። በአሥራ ሰባት ቀን ውስጥ የተናገሩኝ የመጀመሪያው ቃል።

«አቤት፣ እማማ።»

«ራበዎት?»

ይህን ጥያቄ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ምን በላህ ይሉኛል፣ ስንት በላህ ይሉኛል። ቆሜ ሆዴን አዳመጥኩ። ምንም አልነገረኝም። ያለው ደረቴ ላይ ነበር፣ ያ የሚያጣድፈኝ ነገር።

«አላውቅም» አልኩ።

አልጋቸው ሲንቋቋ ሰማሁ። ተነስተው ሊመጡ መስሎኝ ፈራሁ። አልመጡም፣ ተገላብጠው ነው።

«የራበው ሰው ያውቃል» አሉ። «ካወቁ ይጥሩኝ፣ ተነስቼ አቀርብልዎታለሁ። ካላወቁ ይተኙ።»

እጄን ከበሩ አነሳሁ። «እሺ፣ እማማ። ደህና ይደሩ።»

ገብቼ ተኛሁ። እንቅልፍ ግን እስኪነጋ አልወሰደኝም። እሳቸውም አልተኙም፣ ሲገላበጡ ይሰማኝ ነበር።