የሰው ወንበር

ማክሰኞ፣ ጥር 8 ቀን 1976

ዛሬም ኬሚስትሪ። ቲቸር የሺመቤት ሰሌዳው ላይ መርከብ ሣለች፤ ከሥሩ በሰማያዊ ጠመኔ ውኃ።

«ብረት ጨዋማ ውኃ ውስጥ ሲቆይ ምን ይሆናል?»

ይዝጋል አልኩ። ይህንማ ማን ያጣዋል።

«ለምን ይዝጋል?»

ደብተሬን ገለጥኩ።

«ሠረቀብርሃን፣ የመርከብ መሐንዲስ ልትሆን እኮ ነው። ሌኒንግራድ ሄደህም እንዲህ ዝም ልትል ነው?»

ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ… ምን ላድርግ?

ባሕር አይቼ አላውቅም። ያየሁት ትልቅ ውኃ ክረምት ላይ የሚሞላው ቀበና ነው። ይህ የመሰናዶ ክፍል ሲያልቅ ፈተና አለ፤ ከዚያ በባሕር ኃይል ስም ወደ ሶቪየት። መሪጌታው አባቴ ለእንጦጦ ማርያም ካህናት በሙሉ ተናግሯል። «ልጄ መርከብ ሊሠራ ነው» እያለ።

ሐሙስ፣ ጥር 10

ከተራ። እናቴ በርበሬ ግዛ ብላ ሾላ ላከችኝ። ወፍጮ ቤቱ ጋ ስደርስ ዋቅጅራ። ከላይ እስከ ታች ዱቄት፤ ጆንያ ተሸክሞ። መንገድ ልቀይር አሰብኩ። አየኝ።

ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ነበርን። ማትሪክ ላይ ከእሱ የበለጠ አልነበረም። የባሕር ኃይሉ ምርጫ ሲመጣ ስሙ ወጥቶ ነበር፤ በሳምንቱ ተሠረዘ። ጴንጤ ነው ተባለ። በቦታው የኔ ስም ገባ።

እዚህ እንኳ እውነቱን ልጻፍ። ጋሼ ኃይለ መስቀል፣ የአባቴ የአጎት ልጅ፣ መራጭ ኮሚቴ ውስጥ አለ። አባቴ ሄዶ ለመነው። እኔም እየሰማሁ ዝም አልኩ።

«እንዴት ነው ትምህርቱ?» አለኝ ዋቅጅራ።

«ደህና ነው።»

«ምን ደረሳችሁ?»

ስለ ዝገቱ ነገርኩት፤ እንዳልገባኝም። ጆንያውን አወረደ። ብረቱ ኤሌክትሮን ለኦክስጅን ይሰጣል፣ ጨዉ መንገድ ይጠርግለታል… እያለ በዱቄታም ጣቱ ግድግዳው ላይ ይጽፋል። ባለ ወፍጮው እስኪጮህበት ድረስ። ገባኝ! እንዲህ ቀላል ነው?

«ቅዳሜ ቤት ና፤ በዓይንህ ታያለህ» አለኝ።

የያዝኩት ወንበር የሱ እንደነበር ያውቅ ይሆን? ካወቀ እንዴት ይስቅልኛል?

ቅዳሜ፣ ጥር 19

ያለፈው ቅዳሜ አልሄድኩም። ምን ፊት ይዤ? ዛሬ ግን ሄድኩ፤ ሰኞ የክፍል ፈተና አለ። ጥቅሜ ሲሆን እግሬ አያፍርም።

ሁለት ብርጭቆ ጨው ውኃ፣ በያንዳንዱ አንድ ሚስማር። አንዱ ላይ ዋቅጅራ ከአሮጌ የባትሪ ድንጋይ የተቆረጠ ቆርቆሮ ጠመጠመበት። ዚንክ ነው አለ። መርከብ ጎን ላይ የሚለጠፈው እሱ ነው፤ ከብረቱ ቀድሞ ይበላል፣ ብረቱ ይተርፋል። እናቱ፣ እማማ አሳየች፣ ብርጭቆዎቿን ፈልጋ አጣች፤ ሚስማር ነክሮባቸው ስታገኝ ጮኸች። ሳቅን።

«አሲድ ቢኖር ጋዝ ሲወጣ አሳይህ ነበር» አለ።

«ከሀሚድ ጋራዥ አመጣለሁ!» አልኩ። አንድ ነገር እንኳ ከኔ ይምጣ ብዬ።

ማክሰኞ፣ ጥር 22

የሰኞው ፈተና ተመለሰ። አንደኛ ወጣሁ። እኔ!

«ማን አስጠናህ?» አለች ቲቸር የሺመቤት፣ በሁሉም ፊት።

«ብቻዬን ነው ያጠናሁት።» ክፍሉ አጨበጨበ።

ለምን አልኩ? ስሙን ብጠራ ከጴንጤ ጋር ይውላል ይሉኛል ብዬ ነው? ወይስ ጭብጨባውን ላለመካፈል? ጭብጨባው ውስጥ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ቅዳሜ፣ ጥር 26

አሲዱን ይዤ ሄድኩ፤ ሀሚድ ከመኪና ባትሪ ቀድቶ በጠርሙስ ሰጠኝ። ዚንኩ ውስጡ ፈላ። ዋቅጅራ ጋዙን በትንሽ ብልቃጥ ያዘና ክብሪት አስጠጋ… ጷ! «ሃይድሮጅን!» ብሎ ዘለለ። እንዲህ ሲደሰት አይቼው አላውቅም።

ከዚያ ስለ ክፍሉ ይጠይቀኛል። ቲቸሯ ምን አለች? ተማሪዎቹ ምን ጠየቁ? መልሷስ? አንድም ነገር እንዲያመልጠው አይፈልግም። እኔ ሰለቸኝ፤ እሱ አልሰለቸውም።

የተረፈውን አሲድ ለሌላ ቀን ብሎ አልጋው ሥር አስቀመጠው።

እሑድ፣ የካቲት 4

ሣራ መጣች፣ የዋቅጅራ እህት። ዳገቱን በሩጫ ወጥታ መናገር አቃታት።

ጸሎት ቤታቸው ከታሸገ ወዲህ በየቤቱ ነው የሚጸልዩት። ዛሬ ተራው የነሱ ቤት ነበር። የቀበሌ ጥበቃዎች ገቡ። ቤቱን ሲፈትሹ ጠርሙሱን አገኙ፤ አንዱ ሲከፍተው ሱሪው ላይ ፈሰሰና አቃጠለው። «አሲድ! አሻጥር ነው!» ሌላውን ሰው ገሥጸው ለቀቁ። ዋቅጅራን ወሰዱት።

«ማን እንዳመጣው ቢጠይቁት አልተናገረም። ለትምህርት ነው ብቻ አለ። ሠረቀ፣ ያንተ መሆኑን ንገራቸው» አለችኝ።

«እሺ። ነገ በጠዋት እሄዳለሁ።»

አባቴ ከቤት ውስጥ «ማናት?» አለ። «የጓደኛዬ እህት» አልኩ። የየትኛው ጓደኛዬ አላልኩም።

ሰኞ፣ የካቲት 5

አልሄድኩም።

ማክሰኞ፣ የካቲት 6

ዛሬም አልሄድኩም። ለፓስፖርት ፎቶ ተነሣን። ፎቶ አንሺው «ቀና በል» አለኝ። ደግሞ «ቀና በል እንጂ!»

አሻጥር የተባለ ሰው ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። ሁሉም ያውቃል። እየበላሁ ነው፣ እየተኛሁ ነው። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ረቡዕ፣ የካቲት 7

ሄድኩ። ከክፍል ወጥቼ፣ ሳላስብ። ባስብ ኖሮ እመለስ ነበር።

የቀበሌው ሊቀ መንበር ቀና ብሎም አላየኝ። «ምን ፈለግህ?»

«ጓድ፣ ጠርሙሱን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ለኬሚስትሪ ነው።»

ከዚያማ ማን ነህ፣ የማን ልጅ ነህ፣ የት ነው የምትማር… ቲቸር የሺመቤትን አስጠሩ። መጥታ ጠርሙሱን አየች። ከቤቱ አብረው የወሰዱትን ዚንክ፣ የዛገውን ሚስማርና ያልዛገውን አየች።

«ይህ የማስተምረው ትምህርት ነው፤ ሌላ ምንም የለበትም» አለች። ወደ እኔ ዞረች። «ብቻዬን ነው ብለኸኝ ነበር።»

«ዋቅጅራ ነው ያስጠናኝ» አልኩ።

ሊቀ መንበሩ ግራ ገባው። «ቆይ፤ ያኛው አስተማሪህ ከሆነ እንዴት አንተ ተመረጥክ?»

ነገርኩት። ጋሼ ኃይለ መስቀልን፣ ልመናውን፣ ሁሉንም። ቲቸር የሺመቤት መስኮት መስኮቱን ታያለች። ለምን ሁሉንም እንደተናገርኩ አላውቅም፤ አንዴ ከጀመርኩ ማቆም አቃተኝ።

ዓርብ፣ የካቲት 9

ዋቅጅራ በዋስ ወጣ። እኔ ከስም ዝርዝር ወጣሁ። ወንበሩ ግን ለዋቅጅራ አልተመለሰም፤ የሌላ ሰው ዘመድ ገባበት። ጋሼ ኃይለ መስቀል ቤት መጥቶ አባቴ ላይ ጮኸ፤ «አዋረዳችሁኝ!» ብሎ ሄደ። አባቴ ከዚያ ወዲያ አላናገረኝም።

ወፍጮ ቤት ሄድኩ። የዋቅጅራ ከንፈር አብጧል።

«ቦታህን የያዝኩት እኔ እንደሆንኩ ታውቅ ነበር?»

«ስምህ የተለጠፈ ቀን ነው ያወቅሁት።»

«ታዲያ ለምን አስጠናኸኝ?»

«ላንተ ብዬ መሰለህ? እኔ መማር ፈልጌ ነው። አንተ ስትመጣ ክፍሉ ቤቴ ድረስ ይመጣል። ሌላ በምን ልማር?»

ለኔ ቸርነት መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ድምፁ ተለወጠ። «ሣራ እሑድ ነግራሃለች። ለምን ቆየህ?»

ፈራሁ ልል ነበር… እሱስ አልፈራም?

«እዚያ ውስጥ በር በተከፈተ ቁጥር አንተ ትመስለኝ ነበር» አለ። ጆንያውን አንሥቶ ገባ። አልተከተልኩትም።

እሑድ፣ የካቲት 18

ቅበላ። አባቴ ከቅዳሴ ሲመለስ ጥምጥሙን ሳያወልቅ በር ላይ ቆመ።

«የዚያ ልጅ ቤት የት ነው?»

«የማን?»

«ታውቀዋለህ። ምራኝ።»

ዳገቱን ወረድን፤ እሱ ከኋላ። ሾላ ያለ ሰው ሁሉ ያየናል፤ መሪጌታ ወልደ ሐዋርያት ጴንጤ ቤት ሲገባ! እማማ አሳየች በር ከፍታ ደነገጠች፤ ጠብ የመጣባት መስሏት ነው።

«ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት» አለ አባቴ። «ልጄ ልጅ ነው። ዘመድ ቤት ሄጄ የለመንኩ እኔ ነኝ። የልጅሽን እንጀራ የወሰድኩ እኔ ነኝ።»

አባቴ ለሰው እንዲህ ሲናገር ሰምቼ አላውቅም። የት ልግባ?

«ይግቡ፣ አባቴ። እንዲህ ያለ ነገር በር ላይ አይወራም» አለች።

ገባ። እኔ ውጭ ቀረሁ። ዋቅጅራ ወጣ፤ አጥሩን ተደግፎ ቆመ።

«ክፍል አትሄድም ማለት ነው?» አለኝ።

«አልሄድም።»

«ከአሲድ ቀጥሎ ምን ነበር?»

«ስለ ነዳጅ ልትጀምር ነበር፤ የመርከብ ነዳጅ እንዴት እንደሚቃጠል።»

«ነዳጅ…» አለ። መሬት መሬት አየ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ ያንን ሦስት ቀን በመቆየቴ የሱንም ክፍል ነው የዘጋሁት? ባልቆይስ ኖሮ አይዘጋም ነበር? አላውቅም።

ይቅር አላለኝም። እኔም አልጠየቅሁትም፤ አባቴ የቀደመኝን ደግሜ ብናገረው ቃሉ የሚቀል መሰለኝ። ብቻ «ግባ እንጂ፣ ብርድ ነው» አለኝ።

ውስጥ እማማ አሳየች ለአባቴ ሻይ ቀድታለች። አባቴ ጴንጤ ቤት ውኃ እንኳ ቀምሶ አያውቅም። ብርጭቆውን በሁለት እጁ ተቀብሎ ይዞታል። እኔን ሲያየኝ ዓይኑን ሰበረ፣ ከዚያ ፉት አለ።

አጠገቡ ቁጭ አልኩ።