ሳይፈረም የወጣ ሜዳይ

ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ
የካቲት 6 ቀን 2013 ዓ.ም.

ይድረስ ለውዱ ባለቤቴ ለሻምበል ጀማነህ፣

እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ከናፍቆትህ በቀር ምንም አልጎደለኝም። በስልክ «ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ» እያልክ ስለምታቋርጠኝ ነው መጻፌ፤ ደብዳቤ አይቋረጥም።

ልጅህ ምህረት ደህና ናት። ላርሳት መጥቼ በወረርሽኙ ከቀረሁ ይኸው ዓመት አለፈኝ፤ ሕፃኑም ቆሞ መሄድ ጀመረ። ቤታቸው ጋሃና በሚሉት ሰፈር፣ አውሮፕላን ማረፊያው ጥግ ነው። አንዱ አውሮፕላን በተነሳ ቁጥር በመስኮት አንጋጥጬ ምነው ተሳፍሬበት በነበር እላለሁ።

ትናንት ትልቋ ልጇ፣ ሀኒ፣ የአያቷን ዕቃ በዙም ለክፍሏ እንድታሳይ ታዘዘች። ቦሌ ስንሰነባበት «ለልጆቹ» ብለህ እጄ ላይ ያስቀመጥከውን ሳጥን ከፈትኩላት። ሜዳዮችህን ደረቷ ላይ ደርድራ፣ «አያቴ ሰው ላይ ተኩሷል?» አለችኝ።

«የለም፤ ተኳሾቹን ሲያበላና ሲያለብስ ነው የኖረው» አልኳት።

«ኦ! ላይክ ዳዲ! ዌርሃውስ ነው የሚሠራው?»

አባቷ የሚሠራው የዕቃ መጋዘን ነውና ሳቄን ለቀቅኩት። ከተራ ወታደርነት እስከ ሻምበልነት ንብረት ክፍል ውስጥ ማርጀትህን፣ የረጅም ዘመን አገልግሎቱን ሜዳይ ለዚያ ማግኘትህን ነገርኳት። የቁስለኛውንም ሜዳይ እንዲሁ፤ ኦጋዴን ላይ ስንቅ የጫነው መኪናህ ፈንጂ ረግጦ እግርህ እየደማ፣ «ኮቾሮውን ሳላስረክብ ሐኪም ቤት አልሄድም» ያልከውን። «የቤታችንን መሰላል እንኳ ለጎረቤት ሲያውስ ያስፈርማል፤ እኔንም ለጃንጥላ አስፈርሞኛል» ብዬ አሳቅኋት።

«እና እማማ፣ ለዚህስ ሳይን አደረግሽ?» አለችኝ ሳጥኑን እያሳየች።

ክው አልኩ። አላስፈረምከኝም፣ ጀማነህ። በአገልግሎት ዘመንህ ሳታስፈርም የምታወጣው የሞተ ወታደር የሚጠቀለልበትን ብርድ ልብስ ብቻ ነበር። «አይመለስማ» ትለኝ ነበር፣ ፊትህን አዙረህ።

ወንድምህ ዓባይነህ ሆስፒታል እንደምትመላለስ አምልጦት ሲነግረኝ፣ «ለስኳሬ ነው» ብለህ ሸነገልከኝ። ልምጣ ባልኩህ ቁጥር «ወረርሽኙ ይለፍ፣ እዚያው ቆዪ» የምትለኝም ለኔ አስበህ መስሎኝ ነበር። ያኔም፣ ቦሌ ላይ፣ ሳጥኑን መልሰህ እንደማትረከበው ታውቅ ነበር ማለት ነው። እንዴት ብቻህን ትችለዋለህ? እኔ እኮ ሚስትህ ነኝ፤ ናፍቀኸኝ እየነደድኩ፣ ክፉህን ከሰው አፍ ልስማ?

ምህረትን ዛሬውኑ ቲኬት ቡክ አስደርጌያታለሁ። ለፋሲካ እደርሳለሁ። ሀኒ ሜዳዮቹን አልሰጥም ብላ አልቅሳ ነበር፤ የአያትሽ ናቸው፣ እሱ ራሱ ሲፈቅድ ይሰጥሻል አልኳት።

ዕቃ የሚመለሰው ከመጋዘን ላወጣው ሰው ነው፣ ለሌላ አይሰጥም ስትል ኖረሃል። እንግዲያው በሕግህ እይዝሃለሁ፤ ሜዳዮቹን ለዓባይነህም ሆነ ለማንም አላስረክብም። በር ላይ ቆመህ ተቀበለኝ።

የሠራዊት ጌታ እስክደርስ በእጁ ይያዝህ።

ሜዳዮቹን ከነሳጥናቸው በውሰት የተረከብኩ፣
ባለቤትህ ፀሐይወርቅ
(ፈርሜያለሁ)