ጤነኛዋ አይጥ ለምን አበራች?

ሰኞ፣ ጥር 5
ብርጭቆ የማጥብበት የላብራቶሪው ሳሙና አልቋል። ምን ቸገረኝ? አዲሱን ዱቄት ሳሙና ከኪሴ ገዝቼ ብርጭቆውን ሁሉ አጠብኩበት። ጉድ ነው! ጋዎኔንም ቤት ወስጄ በሱው ፈተግኩት። ባለቤቴ፣ «ሙሽራ መሰልሽ» አለኝ። እንዲህ ካለኝ ስንት ዘመኑ...

ረቡዕ፣ ጥር 7
አይጥ ላይ የምትመራመረው ዶክተራችን ምሳ አልበላችም። ዓመታት የለፋችበት ቀለም አለ። የመርሳት በሽታ አእምሮ ውስጥ የሚያጠራቅመውን ቆሻሻ ፈልጎ ይጣበቅበታል፣ በሐምራዊ መብራት ሲያዩት ያበራል። የታመመችው አይጥ አእምሮ ሊያበራ፣ የጤነኛዋ ሊጨልም ነው ነገሩ። አሁን ግን ሁለቱም ቦግ! አለቃዋ፣ «እስከ ሰኞ የታመመችውን ከጤነኛዋ ካልለየ ቀለሙን እንተወዋለን» ብሏታል።
«አይዞሽ ዶክተርዬ፣ ጤነኛዋም ታማ ይሆናላ!» አልኳት። ላጽናና ብዬ... ጭራሽ አስለቀስኳት። አፌን በቆረጠው!

ሐሙስ፣ ጥር 8
ጉዴ ፈላ። የታጠበ ብርጭቆ ላደርስላት ጨለማው ክፍል ገባሁ። ሐምራዊው መብራት በርቷል። ዶክተሯ ዞር ብላ ስታየኝ ጮኸች።
«እትዬ! ጋዎንዎ!»
ዝቅ ብዬ ሳይ... እኔው ራሴ ቦግ ብያለሁ! መልአክ ነው የምመስለው።
«በምን አጠቡት?»
«በአዲሱ ሳሙና ነዋ።»
«ብርጭቆዎቹንስ?»
«በሱው! ለራሴ ገዝቼ ለናንተ ልሰስት?»
ራሷን ያዘች። ለካ ሳሙናው ውስጥ ያለው፣ ልብስ የሚያነጣው ነገር በዚያ መብራት ያበራል። ብርጭቆው ላይ ቀርቶ፣ እዚያ የተነከረውን የአይጦቹን አእምሮ ሁሉ የቀባው እሱ ነው። መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ! እሷ ግን... ትስቃለች። እንባዋ እስኪወርድ። «ቀለሜ ምንም አልሆነም!» እያለች።

ዓርብ፣ ጥር 9
የላብራቶሪው ሳሙና ስለመጣ ሁሉንም በሱ እንደገና አጠብኩ። አለቀለቅኩ፣ ደግሞ አለቀለቅኩ። ባለቤቴ፣ «እጅሽ ምን ሆኖ ነው የተላላጠው?»
«ጤነኛዋን አይጥ ላጨልማት ብዬ ነዋ።»
ጠጋ ብሎ ግንባሬን ዳበሰ። ትኩሳት ፍለጋ...

ሰኞ፣ ጥር 12
አለቃዋ መጣ። እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ የአይጥ አእምሮ ቁራጭ ተዘጋጀ። የታመመችው ቀደመች፤ እዚህም እዚያም ትንንሽ ነጥብ ብልጭ። እሰይ! ጭንቁ ግን የጤነኛዋ ነው። ዶክተሯ ከማይክሮስኮፑ ፈቀቅ አለች።
«እኔ አልችልም። እትዬ፣ እስቲ እርስዎ ይዩልኝ።»
ዓይኔን ማይክሮስኮፑ ላይ ደቀንኩ።
«ምን ይታያል?» አለ አለቃው።
«ኧረ ድቅድቅ ጨለማ ነው!»
አንገቴ ላይ ተጠመጠመችብኝ። አለቃው ገፋ አድርጎኝ ራሱ አየና፣ «በይ፣ ቀጥይበት» አላት።
ምንም ባለማየቴ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።