ባለጦሮቼ ጀርባቸውን የሰጡበት ምክንያት

«አርባ ፈረሰኛ ያስፈጀኸኝ አንተ ነህ። ባለጦሮችህ ጀርባቸውን ሰጥተው ሲያልቁ ጣትህን አላነሳህም። አንተ መገተር እንጂ መንቀሳቀስ የማታውቅ ሰው ነህ፤ ከባለጦር ጋር የተስማማኸውም ለዚሁ ነው።»

ይህን የጻፍሽልኝ ባለፈው እሁድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ሁለት ደቂቃ ላይ ነው። አንድ ቃል አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። ሰኞንና ማክሰኞን ንዴቴ እስኪበርድ ጠበቅሁ። አልበረደም።

ውድ እህቴ፣ ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? ባለቤትሽስ፣ ልጆቹስ? ወገብሽን ያምሽ ነበር፤ ተሻለሽ? መድኃኒት ቤት ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ለሚውል ሰው ዝቅ ያለ ጫማ እንደሚሻል ነግሬሽ ነበር፤ እንዳልሰማሽኝም አውቃለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ሰላምታው እዚህ ላይ ይብቃኝ።

መጀመሪያ ስለ አጻጻፉ። በመልእክትሽ ውስጥ «ጋሼ» የሚል ቃል የለም። አፍሽን ከፈታሽ ጀምሮ፣ ስታኮርፊኝም፣ የሠርግሽ ቀን አንድ እግር ጫማሽ ጠፍቶ ስትጮሂብኝም «ጋሼ» ነበር የምትዪኝ። እሁድ ዕለት ግን በሦስት ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁለት ጊዜ «አንተ»። በዚያ ላይ ከጎንሽ ያለው ክሊኒክ ውስጥ መርፌ የሚወጋው ጎረምሳ፣ «መርፌው» የምትሉት፣ በኮምፒውተር ጨዋታችን መጻጻፊያ ላይ «ጋሼ፣ ባለጦሮቹን ለአጥር ያከራዩን፤ ግቢያችን ክፍት ነው» ብሎ ጽፏል። ተጋጣሚያችን ነው፣ አሸንፏል፣ ይቀልድ። ከሥሩ ሦስት የሳቅ ምልክት ያስቀመጥሽው ግን አንቺ ነሽ። እሱ እንኳ «ጋሼ» ብሎኛል።

አሁን ወደ ክሱ። ክሱ የሙያ ስለሆነ በሙያ እመልሳለሁ። እኔ ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ሌሎች መሐንዲሶች የሠሩትን ንድፍ እየመረመርኩ፣ ስህተቱን በቀይ ብዕር እየከበብኩ የምመልስ ሰው ነኝ። አብዛኛውን ጊዜ እጄ ላይ የሚገባው የድጋፍ ግንብ ነው፤ አፈር እንዳይናድ ከመንገድ ዳር የሚሠራው። የድጋፍ ግንብ ምን ይሠራል ብትዪኝ፣ ይገተራል። ሌላ ሥራ የለውም። አንድ ቀን መገተር ካቃተው ግን ከሥሩ ያለውን መንገድ ይዞት ይሄዳል።

ስድስት ዓመት አብረን ተጫውተን ባለጦር ምን እንደሆነ የገባሽ አልመሰለኝም። ባለጦር አያሳድድም። የሸሸ ፈረሰኛ አይቶ ከተከተለ ረድፉ ይበተናል፤ የተበተነ ባለጦር ደግሞ ረጅም እንጨት የያዘ መንገደኛ ነው። ፈረሱ ከመድረሱ በፊት ቆሞ፣ «ባለህበት ጽና» የሚለውን ትእዛዝ ተቀብሎ፣ ጦሩን ዝቅ አድርጎ መጠበቅ አለበት። እየተራመደ ከደረሱበት ጦሩ ገና ትከሻው ላይ ነው። ረድፉ ደግሞ አራት ሰው ውፍረት ይኑረው። አንቺ ሁልጊዜ «ዘርጋቸው፣ ዘርጋቸው» ትያለሽ። ሁለት ሰው ውፍረት ያለው ረድፍ ከሩቅ ሲያዩት ያስፈራል፤ ፈረስ ሲነካው መጋረጃ ነው። ቀስተኛ ባለበት ገላጣ ሜዳ ላይ አይቁም፤ ባለሰይፍም የጦሩን ጫፍ አልፎ ከተጠጋው አበቃለት። ከሁሉ በላይ ግን ጎኑና ጀርባው ነው። ባለጦር ያለው አንድ ፊት ብቻ ነው። ስለዚህ ጎኑን ወንዝ ወይም ግድግዳ ላይ ታስጠጊያለሽ፣ ከኋላው ደግሞ ፊቱን ወደ ኋላ ያዞረ ሌላ ክፍል ታቆሚያለሽ። ስድሳ ሰው ዞሮ ጦሩን ዝቅ እስኪያደርግ ዘጠኝ ሰከንድ ይፈጃል። ሰባት ጊዜ በሰዓቴ ለክቼዋለሁ።

ሌላም ነገር ለክቻለሁ። ጎንና ጀርባው የተሸፈነ ሙሉ ረድፍ፣ ከባድ ፈረሰኛ ያለማቋረጥ ሲመጣበት፣ ያለ ረዳት አሥራ አንድ ደቂቃ ይቆያል። ከዚያ በኋላ ከረድፉ በላይ ያለው ባንዲራ ብልጭ ድርግም ማለት ይጀምራል። ሰው ስላለቀ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ከስድሳው ሃምሳው በቦታቸው ናቸው። ያለቀው ወኔያቸው ነው። ባለጦር ብቻውን ጦርነት አያሸንፍም የምልሽ ለዚህ ነው። እሱ ይይዛል፤ ፈረሰኛው ዞሮ ከጠላት ጀርባ ይመጣል። ስምምነታችንም ይኸው ነበር፤ እኔ እይዛለሁ፣ አንቺ በስምንተኛው ደቂቃ ትደርሻለሽ። በስምንተኛው ደርሰሽ አታውቂም። አንድ ጊዜ ልጆቹ ተጣልተውብሽ ልትገላግዪ ሄደሽ፣ አንድ ጊዜ አርባ ፈረስ የበግ በረት ውስጥ አስገብተሽ መውጫው ጠፍቶሽ። በአሥረኛው ትደርሻለሽ። ተናግሬሽ አላውቅም፤ አንድ ደቂቃ ይተርፈኝ ነበርና።

አሁን እሁድን እንመልከት። ሜዳው የድንጋይ ድልድይ ያለበት ነው። ሦስት ክፍል ባለጦር ነበረኝ። ሁለቱን ድልድዩ አፍ ላይ አቆምኩ፤ ግራቸው ወንዝ፣ ቀኛቸው የወፍጮ ቤቱ ግድግዳ። ሦስተኛው ከኋላቸው ሆኖ ፊቱን ወደ መልካው ማዞር ነበረበት፤ ከድልድዩ ሌላ ወንዙን መሻገር የሚቻለው በዚያ ነው። አላዞርኩትም። ድልድዩ ላይ ግፊቱ ሲበረታ እሱንም ወደ ፊት አስጠጋሁት፤ «መርፌው መልካውን ካገኘ አዞረዋለሁ፣ ዘጠኝ ሰከንድ ነው» ብዬ። ይህ የመጀመሪያው ስህተቴ ነው። መርፌው በስድስተኛው ደቂቃ መልካውን አገኘ። አንቺ በማዳመጫው ጮኸሽ ይሆናል። ምናልባት «ጋሼ» ብለሽም ይሆናል። ማዳመጫው ጠረጴዛው ላይ ነበር።

ጨዋታው የቀዳውን ከፍቼ አይቼዋለሁ። አንቺ በሰባተኛው ደቂቃ ከሃምሳ ሰከንድ ላይ ደርሰሻል። በስድስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ። ስትደርሺ የሚይዝልሽ ሰው አልነበረም፤ አርባ ፈረስሽ ብቻቸውን ገቡ። ስለዚህ ንዴትሽ ይገባኛል። ሦስቱን የሳቅ ምልክት ግን አልረሳሁም።

ማዳመጫው ለምን ጠረጴዛው ላይ እንደነበረ ልንገርሽ።

እማዬ እሁድ እሁድ ስንጫወት አጠገቤ ወንበር ላይ ትቀመጣለች፤ ታውቂያለሽ። ባለጦሮቹን «የቆሙት ልጆች» ትላቸዋለች። «ደክሟቸዋል፣ አስቀምጣቸው» ትለኛለች። «እማዬ፣ ከተቀመጡ ይገደላሉ» ስላት፣ «ታዲያ ውሃ ስጣቸዋ» ትላለች። አንቺ ይህን በማዳመጫው ስትሰሚ ትስቂያለሽ፤ «እማዬ ዛሬም ተረበኛ ናት» ብለሽኛል። እኔም አብሬሽ ስቄያለሁ። እየተረበች አልነበረም።

እሁድ በአምስተኛው ደቂቃ ላይ ዞር ስል ወንበሩ ባዶ ነው። በሩ ተከፍቷል። ቁልፉን ከኮቴ ኪስ አውጥታ፣ ኮቴን በሌሊት ልብሷ ላይ ደርባ ወርዳለች። ያገኘኋት አውቶቡስ ፌርማታው አጠገብ ነው፤ አንድ እግሯ ነጠላ ጫማ አለው፣ አንዱ የለውም። ፍራፍሬ ሻጩ ሣጥን ገልብጦ አስቀምጧት፣ ባሏ ለምሳ ሊገባ እንደሆነና ምሳው እንዳልተሠራ እየነገረችው ነበር። አባባ ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው። እኔን ስታይ ለሰውየው «ይኸው ዘበኛው መጣ። በሩን የሚቆልፍብኝ እሱ ነው» አለችው።

ሰውየው ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ። «ምንህ ናቸው?» አለኝ። ልጇ ነኝ አልኩት። «እሳቸው እንደዚያ አላሉም» አለኝ። ለእሷም ጎንበስ ብሎ «እማማ፣ ያውቁታል?» ሲላት «አውቀዋለሁ እንጂ፤ ደመወዝ የምንከፍለው እኛ አይደለን?» አለችው። ሃምሳ አራት ዓመቴ ነው፤ መንገድ ላይ የእናቴ ልጅ መሆኔን ማስረዳት ነበረብኝ። አልተቀየምኩትም፤ ያልጠረጠረ ቢሆን ነበር የምቀየመው። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤቴ ጫጫታውን ሰምታ ወርዳ ስትመሰክርልኝ ነው የለቀቀን። የሄድነው በዝግታ ነው፤ እማዬ ዘበኛ ክንዷን እንዲይዛት አልፈቀደችም።

እግሯን አጥቤ አስተኛኋት። ወደ ጠረጴዛው ስመለስ ዘጠኝ ሰዓት ከሃምሳ ስምንት ሆኖ ነበር፤ መልእክትሽን አነበብኩት። «መብራት ጠፍቶ ነው» ብዬ መለስኩልሽ። መብራት አልጠፋም።

ሁለተኛውና ትልቁ ስህተቴ የቆየ ነው። አባባ ከሞተ በኋላ ወሬያችን አርባ ሰከንድ አይሞላም ነበር፤ «ደህና ነሽ? ደህና ነኝ። እማዬስ? ደህና ናት።» ባለቤትሽ ይህን ጌም ያመጣልን ያኔ ነው፤ እየተዋጋን መነጋገር ቻልን። «እማዬስ?» የሚለው ግን አልቀረም፤ እኔም «ደህና ናት» ማለቴን አልተውኩም። ካለፈው ዓመት ጥር ጀምሮ፣ ምድጃውን ለኩሳ ረስታ መጋረጃው ከተቃጠለ ጀምሮ፣ ይህ መልስ ውሸት ነው። አሥራ አራት ወር ነው። መጀመሪያ ልጆችሽ ፈተና ላይ ነበሩ፣ ከዚያ ወገብሽ መጣ፣ ከዚያ ደግሞ እስካሁን ለምን አልነገርከኝም እንዳትዪኝ ፈራሁ። እንዲህ ያለ ነገር የሌላ ሰው ንድፍ ላይ ባገኝ ወረቀቱ እስኪቀደድ በቀይ እከብበው ነበር።

እንግዲህ ክስሽን በየተራ እመልሳለሁ። አርባ ፈረሰኛ አስፈጅቼሻለሁ፤ እቀበላለሁ። ጣቴን አላነሳሁም፤ እውነት ነው። «መንቀሳቀስ የማታውቅ» የሚለውን ግን አልቀበልም። የአምስት ፎቅ ደረጃ በባዶ እግሬ እንዴት እንደወረድኩ ብታዪ ኖሮ አትጽፊውም ነበር። በስንት ደቂቃ እንደወረድኩ አላውቅም፤ ያንን ብቻ አልለካሁትም።

ከመጋቢት 16 ጀምሮ ለአራት ቀን ከከተማ ወጥቼ ሥራ አለብኝ። መሀሉ የተነፋ የድጋፍ ግንብ ነው፤ ከሥሩ ትምህርት ቤት አለ፣ ሌላ ሰው ልኬ አላምንም። ልብስ ሰፊዋ እስከ ስድስት ሰዓት ከእማዬ ጋር ትቀመጥልኛለች፤ ከዚያ በኋላ ደንበኞች አሏት። በሩ ላይ ከላይ በኩል ሁለተኛ መቀርቀሪያ አስገጥሜያለሁ። እማዬ ትናንት ወንበር ላይ ቆማ ልትደርስበት ስትሞክር አገኘኋት።

ይህን ስጽፍልሽ አጠገቤ ተቀምጣለች። ኮምፒውተሩ ጠፍቷል። ቅድም «እነዚያ የቆሙት ልጆች ገቡ?» አለችኝ። ገብተዋል አልኳት። «ጎሽ፤ አንተስ የምትገባው መቼ ነው?» አለችኝ። የሚተካኝ ሲመጣ አልኳት። ለዘበኛ የሚሰጥ መልስ ሌላ አልመጣልኝም።

ፈጣሪ ልጆችሽን ያሳድግልሽ፤ ወገብሽን ያጽናልሽ፤ ቤትሽን ከክፉ ነገር ይጠብቅልሽ። ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ። መርፌውንም ሰላም በይው፤ መልካውን ያገኘው በራሱ ብልጠት ነው፣ አልነፍገውም።

ከአንቺ የምፈልገው አጭር ነው። «መንቀሳቀስ የማታውቅ» የሚለውን መሰረዝሽን፣ በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓቱ አውቶቡስ እንደምትነሺ፣ ስንት ቀን እንደምትቆዪ። መልሱ «ጋሼ» ብሎ ይጀምር። በወረቀትም ይሁን በስልክ መልእክት፣ ብቻ በጽሑፍ ይሁን፤ ስድቡን ለመጻፍ አልከበደሽም። እስከ አርብ መጋቢት 14 ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ እጠብቃለሁ።

እንዳትደውዪ። ከደወልሽ «እማዬስ?» ትዪኛለሽ፤ እኔም ደህና ናት እልሻለሁ።

ታላቅ ወንድምሽ