በጋራ ግድግዳችን ውስጥ ስላቆምነው ባሕር

ቀን፦ መጋቢት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለቀበሌው የግንባታና ይዞታ ክትትል ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
መተማ ዮሐንስ

አመልካች፦ ባየልኝ ዘሩ
ተጠሪ፦ ደምለው ደረበ

ጉዳዩ፦ የጋራ ግድግዳችን እንዲዘጋ የተሰጠው ትእዛዝ እንዲታገድና አቶ ደምለው ደረበ በጽሕፈት ቤቱ ኮሚቴ ፊት አንድ ጥያቄ እንዲመልሱ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፤

በሥራዎ ብዛት ላይ ይህን ረዘም ያለ ወረቀት ስጨምርብዎ አፍሬ ነው። ላሳጥረው ሞክሬ ነበር፤ ሳሳጥረው ግን ዋሾው እኔ መሰልኩ። ስለዚህ እንዳለ ያንብቡልኝ ዘንድ በትሕትና እለምናለሁ።

1. በዚህች ከተማ የውሃ ፓምፕና ጄኔሬተር እየጠገንኩ ሃያ ሁለት ዓመት ኖሬአለሁ። ባለፈው ክረምት የግቢዎን ጄኔሬተር ያስነሣሁት እኔ ነኝ። ይህን የማነሣው ውለታ ለመቁጠር ሳይሆን፣ ያልተበላሸውን ተበላሸ ብዬ የማላውቅ ሰው መሆኔን እንዲያስታውሱልኝ ነው።

2. መጋቢት 9 ቀን ከጽሕፈት ቤትዎ የደረሰኝ ደብዳቤ፣ ከጎረቤቴ ከአቶ ደምለው ጋር የምጋራውን ግድግዳ «ያለ ባለድርሻው ፈቃድ አፍርሶ የውሃ ገንዳ ስላስገባበት» ገንዳውን በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ አንሥቼ፣ ግድግዳውን በቀድሞ መስመሩ በብሎኬት እንድዘጋ ያዛል። አምስት ቀን ቀርቶኛል። አቶ ደምለው በማመልከቻቸው፣ በ2014 ዓ.ም. ኮኪት እርሻቸው ላይ ከርመው ሲመለሱ ግድግዳቸው ፈርሶ እንዳገኙት፣ ደጋግመው ቢለምኑኝም አሻፈረኝ እንዳልኩ ገልጸዋል። ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ባለቤቴ እፀገነት ከእጄ ተቀብላ አየችና «ይኸ የሌላ ደምለው ይሆናል፣ ስም ተሳስተው ነው» አለች። እኔም ለአንድ ቀን ያህል እንደዚያ ብዬ ራሴን አታለልኩ።

3. ከዚህ በታች አቶ ደምለውን «እሱ» እያልኩ ብጽፍ ድፍረት እንዳይሆንብኝ። አሥራ ስድስት ዓመት «አንተ» ያልኩትን ሰው በወረቀት ላይ «እርሳቸው» ማለት ከበደኝ።

4. ገንዳ የተባለው ነገር ምን እንደሆነ ላስረዳ። በወጣትነቴ አራት ዓመት ፖርት ሱዳን በጀልባ ሞተር ጥገና ሠርቻለሁ። እዚያ ከጀልባው ሥር የሚታየውን ኮራል፣ ማለትም ድንጋይ መስሎ የሚኖረውን የባሕር እንስሳና በመካከሉ የሚመላለሱትን ዓሦች አይቼ ዓይኔ እዚያው ቀረ። ወደ አገሬ ተመልሼ ሰሊጥና ማሽላ መካከል ስኖር፣ አንድ ቀን ይህን በቤቴ አቆማለሁ እያልኩ ነው የከረምኩት። ብዙ ሰው ስቆብኛል። ያልሳቀው ደምለው ብቻ ነበር።

5. እኔ ገንዳውን በራሴ በኩል ግድግዳው ሥር ላስጠጋ ነበር ያሰብኩት። ግድግዳው ይቀደድ ያለው ማን እንደሆነ ጽሕፈት ቤትዎ ይወቅልኝ። ሰሊጥ ተወቅቶ ባለቀበት በታኅሣሥ 2014፣ ደምለው ሜትሩን ይዞ መጥቶ፣ «ምነው አንተየ፣ ባሕሩን ለብቻህ ልታየው ነው? ግድግዳውን እንቅደደውና እኔም ከነቤተሰቤ ልየው እንጂ!» አለኝ። ግማሹ በእሱ ሳሎን፣ ግማሹ በእኔ ሳሎን እንዲሆን የተስማማነው በዚያን ቀን፣ ቆመን፣ በቃል ነው። ወረቀት እንጻፍ ብዬው ቢሆን ኖሮ ይቀየመኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር እኔም እንጻፍ ብሎኝ ቢሆን እቀየመው ነበር።

6. ሥራው እንዲህ ተሠራ። ግድግዳውን ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ቀደን ከላይ በብረትና በኮንክሪት አሰርነው፤ ስለዚህ ቤት ይጎዳል የሚለው ሥጋት ከመሐንዲስ ይጣራ፣ እኔ አልፈራም። ከሥር በአንግል ብረት መቆሚያ በየድኩ። ወፍራሙ መስታወት ከጎንደር በአይሱዙ ሲመጣ እንዳይሰነጠቅ የተነጠፈለት የደምለው ፍራሽ ነው፤ ሁለቱም ፍራሾቹ። ፍራሹን ያዋሰ ሰው ግድግዳው ሲቀደድ አላየሁም ይላል! መስታወቱን ከመኪና ያወረዱት ከሰሊጥ መጋዘኑ በደቦ የጠራናቸው ሸካሞች ናቸው። አለቃቸው ባንተአምላክ የሚባል የጎጃም ሰው ነበር፤ «ጌታው፣ ይኼን የሚያህል መስታወት ለየትኛው ቤተ ክርስቲያን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ደምለው በሳቅ ሊሞት ነበር። ሥራው ሲያልቅ ሁሉም ወደ አገራቸው ገቡ፤ ዛሬ የት እንደሚገኙ አላውቅም።

7. አሁን የነገሬ ፍሬ ያለበት ቦታ ደረስኩ። መስታወት ከመስታወት የሚጣበቀው በሲሊከን ነው። ሲሊከኑ ከተቀባ በኋላ ሳይደርቅ፣ ከውስጥ በኩል በሳሙና ውሃ በረጠበ ጣት አንድ ጊዜ ከላይ እስከ ታች ይሳባል። እጅ ከተንቀጠቀጠ መገጣጠሚያው አየር ይይዛል፤ ያ ቦታ አንድ ቀን ያፈሳል። የኔ እጅ ሞተር ሲመታው የኖረ ነው፣ ይንቀጠቀጣል። በእሱ በኩል ያለውን የግራ ጥግ ደምለው ራሱ ገንዳው ውስጥ ገብቶ፣ ቁጢጥ ብሎ፣ በቀኝ ሌባ ጣቱ ሳበው። ያቺ ጣት ጫፏ የለም። በ2009 ኮኪት ላይ የመውቂያው ቀበቶ ወሰዳት፤ ደሙን በሸሚዜ አስሬ ሸሕዲ ክሊኒክ ያደረስኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ ጥጉ ላይ ሌላ ሰው ሊተወው የማይችል፣ አንድ በኩል ጠለቅ አንድ በኩል ከፍ ያለ መስመር ቀረ። ጨርሶ ሲወጣ «መውቂያው የቆረጠኝ ለዚህ ሥራ ኖሯል» አለ። ሲሊከኑ ደርቋል። መስመሩ ዛሬም እዚያው አለ።

8. ከዚያ በኋላ ጨው ያለው ውሃ ሞልተን፣ ዓሣ ሳናስገባ ስድስት ሳምንት ጠበቅን። ውሃው ራሱን ሳያበስል ሕይወት ቢገባበት ይሞታል። መንደሩ ባየልኝ ውሃ አስሮ ተቀመጠ እያለ ሲሳለቅ፣ ደምለው ማታ ማታ ከወዲያኛው በኩል ወንበር ስቦ ባዶውን ውሃ አብሮኝ ያይ ነበር። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለኝ እሱ ነው። በመጋቢት ኸሊል የሚባለው ነጋዴ ወዳጃችን ኮራሉንና ዓሦቹን ከፖርት ሱዳን በድንበሩ በገላባት በኩል አስፈትሾ አስገባልን። ፈታሹ «ድንጋይ ነው እንዳልል ይተነፍሳል፣ እንስሳ ነው እንዳልል አይሄድም» ብሎ መዝገቡ ላይ ምን እንደሚጽፍ ተቸግሮ ነበር። ያን ቀን ባልዲውን ከኸሊል እጅ የተቀበለው ደምለው ነው።

9. ሦስት ዓመት እንዲህ ኖርን። በዚህ ሙቀት በየቀኑ ሃያ ሊትር ያህል ይተናል፤ ጨው ስለማይተን የምንተካው ንጹሕ ውሃ ነው፤ እሱም በክረምት ከሁለታችን ጣራ በአንድ አሸንዳ የምናጠራቅመው ዝናብ ነው። መብራት ሲጠፋ ተራ በተራ ጄኔሬተር እናስነሣለን። ሐቡብ ሲነሣና አቧራው ከተማውን ሲሸፍን በሁለታችንም ቤት በእርጥብ ጨርቅ በርና መስኮት ይደፈናል። አውራ ጣት የማታክል የነበረች ሐምራዊ ኮራል ዛሬ ከስንዝር አልፋለች፤ ደምለው በሠራው ጥግ ላይ ተደግፋ ነው ያደገችው። ዓሦቹን የማበላው እኔ ብሆንም የሚጠራቸው እሱ ነበር። ጠዋት ከእርሻ ጉዞው በፊት በአጭሯ ጣቱ ያንን የግራ ጥግ ሁለቴ ሲነካ፣ ብርቱካናማዎቹም ቢጫዎቹም ተሰብስበው ይመጣሉ። እኔ ብነካ አይመጡም። ቀንቼበት አውቃለሁ።

10. የካቲት መጨረሻ ላይ ጠዋት ስነሣ፣ ከዓሦቹ ጀርባ የደምለውን ሳሎን አይበት በነበረው ቦታ ኮምፔንሳቶ ተመትቶበት አገኘሁ። ወንበሩም፣ መጋረጃውም፣ ሰውየውም የሉም፤ ጣውላ ብቻ። እፀገነት እንግዳ መጥቶባቸው ይሆናል አለች። በኋላ እንደሰማሁት ሳሎኑን ለመድኃኒት መደብር ሊያከራይ ነው፤ ተከራዩ ደግሞ ግድግዳው ድፍን ይሁንልኝ ብሏል። ክቡር ሆይ፣ ቤቱ የራሱ ነው፣ ያከራይ፣ ይባረክለት። በሬን አንኳኩቶ «ባየልኝ፣ ተቸግሬአለሁ» ቢለኝ ኖሮ፣ ሐምሌ ዝናቡ እስኪገባና አየሩ እስኪቀዘቅዝ ጠብቄ፣ ሌላ ገንዳ ሠርቼ፣ አንድ በአንድ አዛውሬ ግድግዳውን ራሴ በዘጋሁለት ነበር። እሱ ግን የእኔን በር ትቶ የእርስዎን በር አንኳኳ። ቸግሮኛል ማለት አፍሮ፣ ወንድሙን ሌባ ማድረግ አላሳፈረውም። ያንገበገበኝ ይኸ ነው። ኮምፔንሳቶው ከተመታ ወዲህ እንኳ ዓሦቹ በየጠዋቱ ወደዚያ ጥግ ሄደው ይቆማሉ።

11. ባለፈው ሳምንት ኮሚቴው መጥቶ ነበር፣ በጨዋነት አናግረውኛል፤ አላማርርም። የደምለው ቤት ተቆልፎ ስለነበረ ያዩት ከእኔ በኩል ብቻ ነው። ማስረጃ አምጣ አሉኝ። ኸሊል መጥቶ ደምለው ዓሣ መቀበሉን መሰከረ፤ ግድግዳው ሲቀደድ ግን አልነበረምና አልተቆጠረልኝም። የእፀገነት ቃል የሚስት ቃል ነው ተባለ። የደምለው ባለቤት ወይዘሮ ሀብትነሽ ሁሉን አይታለች፤ ለሠራተኛው በሙሉ ምሳ ያቀረበችው እሷ ናት። ነገር ግን በባልና በሚስት መካከል ገብቼ ምስክር አልጠራም። መንገድ ላይ ስታየኝ አንገቷን ደፍታ ታልፋለች፤ ያ ለእኔ ይበቃኛል።

12. የቀረኝ ማስረጃ በጥጉ ላይ ያለው የጣቱ መስመር ነው። መስመሩ ከውስጥ በኩል ስለሆነ በመስታወቱ ውጭ ሆኖ አይታይም፤ አሸዋና ድንጋይ ለብሷል፣ ኮራሏም ተደግፋዋለች። እሱን ለማሳየት አሥራ ሰባት መቶ ሊትር ውሃ ማፍሰስና ድንጋዩን በሙሉ ማውጣት አለብኝ። በዚህ በመጋቢት ሙቀት ያ ከሆነ ውስጡ ያለው ሁሉ በግማሽ ቀን ያልቃል። ሱዳን ጦርነት ከገባ ወዲህ ደግሞ በዚያ መንገድ ኮራል የሚያመጣ ሰው የለም፤ የሞተ አይተካም። ባፈስሰው እረታለሁ፣ የረታሁበት ነገር ግን ሞቶ ይጠብቀኛል። ትእዛዙን ባከብርም ያው ነው። ሦስት ሌሊት ከገንዳው የውሃ ማፍሰሻ መክፈቻ አጠገብ ተቀምጬ አሰብኩበት፤ እጄ እምቢ አለ።

13. ስለዚህ በአክብሮት የምጠይቀው የሚከተለውን ነው። ትእዛዙ ለጊዜው ይታገድልኝ። ኮሚቴው በተመቸው ቀን፣ በጠዋት፣ በደምለው በኩል ገብቶ ኮምፔንሳቶውን ያስነሣልኝ። ደምለው በለመደበት ቦታ፣ በግራው ጥግ ይቁም፤ እኔም በዚህ በኩል እቆማለሁ፣ በውሃው ውስጥ እንተያያለን። ያቺን ጣቱን መስታወቱ ላይ ያሳርፍና «ይህን ጥግ አላውቀውም» ይበል። መሐላ አልጠይቅም፣ መጽሐፍም አይምጣ። ይህን ካለ በቃኝ፤ ይግባኝ አልልም፣ መክፈቻውን በገዛ እጄ እከፍታለሁ፣ ግድግዳውንም በራሴ ብሎኬት እዘጋለሁ።

14. አንድ ነገር ብቻ ኮሚቴው አስቀድሞ እንዲያውቀው ይሁን። ጣቱ መስታወቱን ሲነካ ዓሦቹ ተሰብስበው ይመጡለታል። ይህን ማስረጃ ብላችሁ ብትመዘግቡትም ባትመዘግቡትም ሥልጣኑ የእናንተ ነው። እኔ የምፈልገው እሱ ራሱ እንዲያያቸው ነው፤ እነርሱ የሆነውን ገና አልሰሙም።

ከተከፋ ጎረቤት የአክብሮት ሰላምታ ጋር

ባየልኝ ዘሩ
(ፊርማ)

አባሪ፦ የኸሊል የገላባት መግቢያ ወረቀት ቅጂ፣ አንድ ገጽ

ግልባጭ፦
ለአቶ ደምለው ደረበ
(በፖስታ ሳይሆን በራሴ እጅ በበራቸው ሥር የማስገባው)